የማይነዝር ኮረንቲ

በአማርኛ «ተኮሰ» የሚለው ግሥ ብዙ ሸክም አለበት። ልብስ ይተኮሳል፤ ጥይት ይተኮሳል፤ ከብት ባለቤቱ እንዲለየው ይተኮሳል፤ ሕመም የበረታበት ሰውም በጋለ ብረት ይተኮሳል። ገጠር ያደገ አንባቢ በአንድ ዘመዱ ሆድ ወይም ወገብ ላይ በተርታ የተቀመጡ ክብ ጠባሳዎችን አይቶ «ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆ፣ «ልጅ ሳለሁ ታምሜ ተተኩሼ ነው» የሚል መልስ ሰምቶ ይሆናል። ዐረቦችም ልብስ መተኮስንና ቁስል መተኮስን የሚጠሩት በአንድ ግሥ ነው። እሳትን ሥጋ ላይ ማሳረፍ መድኃኒት ሊሆን ይችላል የሚለው እምነት የአንድ አገር ብቻ ሆኖ አያውቅም።

ዛሬ ወደ አንድ ኦፕራሲዮን ክፍል ብትገቡ በሐኪሙ እጅ የብስክሪብቶ ያህል ውፍረት ያለው፣ በሽቦ ከአንድ ሳጥን ጋር የተያያዘ መሣሪያ ታያላችሁ። ሐኪሙ ቁልፉን ሲጫን ሳጥኑ ይጮኻል፤ ቀጭን ጭስ ይወጣል፤ ይደማ የነበረው ቦታ ነጥቶ ይደርቃል። ባለሙያዎቹ «ካውተሪ» ይሉታል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን የጋለ መተኮሻን ያመለክታል፤ ስሙ ግን ለመሣሪያው አይስማማም። የዚህ መሣሪያ ጫፍ እንደ መተኮሻ ብረት እሳት ገብቶ የጋለ አይደለም። ሙቀቱ የሚወለደው ከሕመምተኛው ከራሱ ሥጋ ውስጥ ነው፤ የሚወልደውም በሥጋው የሚያልፈው ኮረንቲ ነው። ኮረንቲ ሰው እንደሚገድል ደግሞ ልጅ እንኳ ያውቃል። ታዲያ በተኛ ሰው አካል ውስጥ እያለፈ ልቡን ሳያቆም፣ ጡንቻውን ሳያንፈራግጥ፣ ዕጢ የሚቆርጥና ደም የሚያቆም እንዴት ሆነ? ታሪኩ ረጅም ነው፤ ከፈርዖኖች ዘመን ይጀምራል። (በጽሑፉ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እሳትና ደም

የጥንቱን ቀዳጅ ሐኪም እጅ ያሰረው የሕመምተኛው ጩኸት ብቻ አልነበረም። ሰመመን በሌለበት ዘመን ሰውን በጉልበት ይዞ መቁረጥ፣ ጭካኔ ቢሆንም፣ ይቻል ነበር። የሚፈሰውን ደም ግን በጉልበት መያዝ አይቻልም። ሐኪሙ እስከ የት ድረስ ሊቆርጥ እንደሚችል የሚወስነው ደሙ ነበር።

በግብፅ በ1600 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ የተጻፈና በ1862 ኤድዊን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ ሉክሶር ላይ የገዛው የፓፒረስ ጥቅል አለ። ከዘረዘራቸው ሕመሞች አንዱ በጡት ላይ የወጣ እብጠት ሲሆን ሕክምናው በእሳት መተኮስ ነው። የግሪኩ ሂፖክራተስና ተከታዮቹም እሳትን ከመድኃኒትና ከቢላዋ በኋላ የሚመጣ የመጨረሻ ተስፋ አድርገው አስቀምጠውታል፤ እሳት ያላዳነውን ሌላ ምንም አያድነውም ባዮች ነበሩ። ከሁሉ በላይ ጉዳዩን በዝርዝር የያዘው ግን በእስፔን ኮርዶባ አጠገብ የኖረው አቡልቃሲም አል-ዘህራዊ ነው። እኚህ ሊቅ በ936 ገደማ ተወልደው በ1013 ገደማ የሞቱ ሲሆን፣ በ30 ክፍሎች ያዘጋጁትን የሕክምና መድበል የመጨረሻውን ክፍል ለቀዶ ሕክምና ሰጥተው፣ ያንንም የጀመሩት በመተኮስ ትምህርት ነው። ለየትኛው ሕመም የትኛው መተኮሻ እንደሚሆን፣ ጫፉ ክብ ይሁን ሹል፣ በሥዕል እየሣሉ አሳዩ። መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ የአውሮፓ ሐኪሞች ለዘመናት ተማሩበት።

እሳቱ ደም ያቆማል፤ ነገር ግን ማንም ሊለካው አልቻለም። ጥቂት ሲበዛ ጤነኛውን ሥጋ ከታመመው ጋር ይበላል፤ ጥቂት ሲያንስ ቁስሉ እንደገና ይደማል። በ1537 ቱሪን ስትከበብ ከፈረንሳይ ጦር ጋር የነበረው ወጣቱ አምብሯዝ ፓሬ በጥይት የቆሰሉትን እንደ ዘመኑ ልማድ የፈላ ዘይት እያፈሰሰ ያክም ነበር። ዘይቱ አለቀበት። ሌላ ምርጫ ስላልነበረው በእንቁላል አስኳል፣ በጽጌረዳ ዘይትና በተርፐንታይን የተሠራ ቅባት ቀባቸው፤ ሌሊቱን ሲጨነቅ አድሮ ማለዳ ሲጎበኛቸው ዘይት ያልነካቸው በሰላም ተኝተው አገኛቸው፤ ዘይት የፈሰሰባቸው ግን ትኩሳትና ሕመም ሲያሠቃያቸው አድረዋል። ፓሬ ኋላም እግርና እጅ ሲቆርጥ የሚደማውን የደም ሥር በጋለ ብረት ከመተኮስ ይልቅ በክር ማሰርን አስፋፋ። ለሦስት መቶ ዓመት ያህል የእሳት ክብር የቀነሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ ትክክለኛ ፍርድም ነበር። መጠን የሌለው እሳት ከሕመሙ የከፋ ነው።

እሳት ወደ ቀዶ ሕክምና በክብር የተመለሰው መጠን ሲያገኝ ነው። መጠኑን የሰጠው ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው።

ሽቦው ሲግል

የቦሎኛው ሉዊጂ ጋልቫኒ የሞተ እንቁራሪት እግር በብረት ሲነካ እንዴት እንደሚፈራገጥ በ1791 ጽፎ ካወጣ በኋላ ኤሌክትሪክና ሕያው አካል ዝምድና እንዳላቸው ዓለም አወቀ። ከዚያ ተከትሎ የመጣው ግማሽ ምዕተ ዓመት ግን ለቀዶ ሕክምና ብዙም አላተረፈም። ኮረንቲ ሽባውን ያስነሳል፣ ድብርትን ያባርራል እየተባለ በየከተማው ተሸጠ። በዚያ ሁሉ ላይ ማተኮር አያስፈልገንም።

ጠቃሚው እርምጃ ከብሬስላው ከተማ መጣ። አልብሬኽት ሚደልዶርፍ በ1854 ባሳተመው ሥራ፣ ከባትሪ በሚመጣ ኮረንቲ የፕላቲን ሽቦን አግሎ በእሱ መቁረጥና ደም ማቆም እንደሚቻል አሳየ። ሽቦው ቀዝቃዛ ሆኖ ወደ ጉሮሮ ወይም ወደ አፍንጫ ይገባል፤ በዕጢው አንገት ዙሪያ ይጠመጠማል፤ ከዚያ ብቻ ኮረንቲው ተለቆ ይግላል። አል-ዘህራዊ ቢያየው ይደነቅ ነበር። ሆኖም በመሠረቱ ያው የጋለ ብረት ነው፤ ከሰሉ ብቻ በባትሪ ተተክቷል። ኮረንቲው የሚዞረው በሽቦው ውስጥ ነው፤ የሕመምተኛውን አካል አያልፍም። ይህን ልዩነት አንባቢ እንዲይዘው እፈልጋለሁ፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

ነርቭ የማይሰማው ፍጥነት

ትልቁ በር የተከፈተው በፓሪስ ነው። የፊዚዮሎጂ ሊቁ ዣክ-አርሴን ዳርሶንቫል ኮረንቲ ለምን ሰው እንደሚነዝር ሲመረምር በ1891 አንድ እንግዳ ነገር አስታወቀ። ተለዋዋጭ ኮረንቲ በሴኮንድ ከ10,000 ጊዜ በላይ እንዲመላለስ ሲደረግ ጡንቻ መንፈራገጡን ይተዋል፤ ሰውየው ሙቀት እንጂ ንዝረት አይሰማውም። ዳርሶንቫል ይህን ለማሳየት ኮረንቲውን በሁለት ሰዎች አካል በኩል አሳልፎ በመካከላቸው ያለ አምፖል እስኪበራ ድረስ አደረሰው። ሰዎቹ ምንም አልሆኑም።

ነገሩ ተአምር ይመስላል እንጂ አይደለም። ነርቭና ጡንቻ ለኮረንቲ መልስ ለመስጠት ጥቂት ጊዜ ይፈልጋሉ። የቤታችን መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ብቻ ስለሚመላለስ ጊዜ ይሰጣቸዋል፤ ስለዚህ ይነዝራል፤ ይገድላልም። በሴኮንድ 100,000 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲመላለስ ግን ነርቩ አንዱን ምልክት ሳይቀበል ተቃራኒው ይደርስበታል፤ ስለዚህ ዝም ይላል። የዛሬዎቹ የኦፕራሲዮን ክፍል ሳጥኖች በአብዛኛው በሴኮንድ ከ300,000 እስከ 500,000 ጊዜ የሚመላለስ ኮረንቲ ይልካሉ። በሴሉ ፈሳሽ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ ፍትጊያቸው ሙቀት ይሆናል። ካውተሪ የሚሠራው በዚህ ሙቀት ነው።

ከዳርሶንቫል በኋላ የነበሩት 20 ዓመታት የብልጭታ ዘመን ልንላቸው እንችላለን። ጆዜፍ ሪቪየር የተባለ ሌላ የፓሪስ ሐኪም በ1900 እንቅልፍ ያጣ ሰውን በኤሌክትሪክ ሲያክም ከመሣሪያው የዘለለ ብልጭታ የሰውየውን ቆዳ ነጭ አድርጎ ሲያደርቀው አስተዋለ። ከዚያ ያንኑ ብልጭታ በአንድ ሕመምተኛ እጅ ላይ በነበረ ካንሰራማ ቁስል ላይ ሆን ብሎ ተጠቀመበት፤ የታመመ ሥጋን በከፍተኛ ድግግሞሽ ኮረንቲ ለማከም ከተደረጉት የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች አንዱ ይህ ነው። የማርሴዩ ደ ኪቲንግ-ሃርት በ1907 ገደማ ተመሳሳዩን ዘዴ በካንሰር ላይ ሞከረ፤ ዘዴውም በላቲን የመብረቅ ስም «ፉልጉሬሽን» ተባለ። ስሙ ዛሬም አለ፤ ተስፋው ግን ከአቅሙ በላይ ነበር። ብልጭታው ላይ ላዩን ያደርቃል እንጂ ወደ ውስጥ ዘልቆ የገባውን ካንሰር አይደርስበትም፤ ካንሰርን በመብረቅ እናጠፋዋለን ያሉት ሁሉ ብዙ ሳይቆዩ ተስፋቸው ቀዘቀዘ።

በ1910 የኒውዮርኩ ኤድዊን ቢር ያደረገው ግን በእርግጥ የሰው ሕይወት የለወጠ ነው። የሽንት ፊኛ ዕጢ ያለበት ሰው እስከዚያ ድረስ ሆዱ ተከፍቶ፣ ፊኛው ተሰንጥቆ ነበር የሚታከመው። ቢር በሽንት ቧንቧ በኩል በሚገባው የፊኛ ማያ ቱቦ (ሲስቶስኮፕ) ውስጥ ሽቦ አሳልፎ ዕጢውን በኮረንቲ አደረቀው። ቢላዋ አልነካውም። አካልን ሳይከፍቱ ማከም ዛሬ እንደ ቀላል የምናየው ነገር ሲሆን ከጥንስሶቹ አንዱ ይህ ነው።

በዚሁ ዘመን ሌላው ፈረንሳዊ ኤዤን ዶዋየን የሚገባውን ክብር ያላገኘ አንድ ነገር አደረገ፤ ከሕመምተኛው ሰውነት ሥር ሰፊ የብረት ሳህን አነጠፈ። የገባ ኮረንቲ መውጫ ይፈልጋል። በቀጭኑ ጫፍ ገብቶ በሥጋው አልፎ በሰፊው ሳህን ወጥቶ ወደ ማሽኑ ይመለሳል። የሚገባውና የሚወጣው ኮረንቲ መጠኑ አንድ ነው፤ ጫፉ ላይ ግን ተጨናንቆ ያቃጥላል፤ ሳህኑ ላይ ተበትኖ ምንም አያደርግም። የጣና ውኃ ተንጣሎ ሲተኛ ታንኳ ያሳልፋል፤ ያው ውኃ ከጢስ ዓባይ በታች በጠባቡ ገደል ሲያልፍ ድንጋይ ይቦረቡራል። የኤሌክትሪክ ቀዶ ሕክምና ምሥጢር በሙሉ በዚህ ስፋትና ጥበት ላይ የቆመ ነው። ዛሬ የብረቱን ሳህን የሚጣበቅ ለስላሳ ንጣፍ ተክቶታል፤ በጭን ላይ ይለጠፋል። አንባቢ ኦፕራሲዮን ሆኖ ከነቃ በኋላ ጭኑ ላይ የማጣበቂያ ምልክት አይቶ ከሆነ ይኸው ነው።

ቦስተን፣ ጥቅምት 1 ቀን 1926

ዊልያም ቦቪ ሐኪም አልነበረም። በ1882 በሚሺጋን ተወልዶ ያደገ፣ ዶክትሬቱን በሃርቫርድ በዕፅዋት ፊዚዮሎጂ ያገኘ ሰው ነው። የሃርቫርድ የካንሰር ኮሚሽን የራዲየምን ሥራ የሚያግዝ የፊዚክስ ሰው ሲፈልግ ተቀጠረ፤ እዚያ ሆኖ በራሱ እጅ ሁለት ዓይነት ኮረንቲ የሚያወጣ ሳጥን ሠራ። አንደኛው ይቆርጣል፤ ሁለተኛው ያረጋል።

ልዩነቱን እንዲህ እንየው። ኮረንቲው ሳያቋርጥ ሲላክ በጫፉ ሥር ያሉት ሴሎች ውኃቸው በቅጽበት 100 ዲግሪ ደርሶ ይተንናል፤ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፤ ሥጋው እንደተላጨ ይከፈታል። ኮረንቲው በጥቃቅን ስባሪዎች ተቆራርጦ ሲላክ፣ አብዛኛው ጊዜ ዕረፍት ሆኖ በየመካከሉ ብቻ ሲተኮስ፣ ሥጋው ሳይፈነዳ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ውስጡ ያለው ፕሮቲን እንደ እንቁላል ነጭ ይረጋል፤ የደም ሥሩ ይኮማተርና ይደፈናል። አንድ እጀታ ቢላዋም መተኮሻም የሆነው በዚህ ብልሃት ነው።

ከሃርቫርድ ጎን ያለው የፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል ዋና ቀዳጅ ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ ነበር፤ የዘመናዊ የአንጎል ቀዶ ሕክምና አባት የሚባለው። አንጎል በደም የበለጸገ ነው፤ በውስጡ ያሉትን ስስ የደም ሥሮች ፓሬ እንዳደረገው በክር ማሰር አይቻልም። ኩሺንግ በ1911 ጥቃቅን የብር ክሊፖችን አስተዋውቆ ነበር፤ እነሱም አልበቁም። ዕጢውን እያየው፣ በጣቱ እየነካው፣ ደሙ ስላሸነፈው ብቻ ቀዳዳውን ዘግቶ ሕመምተኛውን ወደ ቤት የሚሰድበት ጊዜ ብዙ ነበር። ለአንድ ሐኪም ከዚህ የሚከብድ ነገር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

በመስከረም 1926 መጨረሻ የ64 ዓመት ሰው ራስ ላይ የበቀለ፣ በደም ሥር የታጨቀ ዕጢ ለማውጣት ሞክሮ ደሙ አላስጠጋ ብሎት አቆመ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 1፣ ቦቪን ከነሳጥኑ ጠርቶ እንደገና ጀመረ። ክፍሉ ተጨናንቆ ነበር፤ ደም ሊሰጥ የተቀመጠው ተማሪ ራሱን ስቶ ወደቀ። ቦቪ ከሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ኮረንቲውን ያስተካክላል፤ ኩሺንግ በሽቦ ቀለበት ዕጢውን እየላጠ ያወጣል፤ ደሙ ይቆማል። ዕጢው ወጣ። ሰውየው ተረፈ።

ኩሺንግ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀድሞ «አይቻልም» ብሎ የሰደዳቸውን ሕመምተኞች እየጠራ መልሶ ማከም ጀመረ። የዚህ ታሪክ ሁሉ እምብርት ለእኔ ይህ ነው፤ ሞትን ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች «ተመለሱ» የሚል ጥሪ ደረሳቸው። ኩሺንግና ቦቪ ያገኙትን በ1928 አሳተሙ። ኩሺንግ በሚያዝያ 1931 ሁለት ሺሕኛውን የተረጋገጠ የአንጎል ዕጢ ኦፕራሲዮን አደረገ።

ስለ ቦቪ ጥቂት ልጨምር። የፈጠራ መብቱን መሣሪያውን ላመረተው ኩባንያ በአንድ ዶላር እንደሸጠው ይነገራል። ሃርቫርድ ቋሚ ቦታ አልሰጠውም፤ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ እዚያም አልቆየም። በ1958 ሀብት ሳያፈራ ሞተ። በአሜሪካ ኦፕራሲዮን ክፍሎች ግን እስከ ዛሬ ሐኪሙ እጁን ዘርግቶ «ቦቪ» ይላል፤ ነርሷም መሣሪያውን ታቀብለዋለች። ክብሩ በአብዛኛው ለኩሺንግ ሲሰጥ ኖሯል። ያለ ኩሺንግ ስም ሳጥኑ በአንድ ጥግ አቧራ ጠጥቶ ይቀር ነበር፤ ያለ ቦቪ እጅ ደግሞ ኩሺንግ የብር ክሊፑን ይዞ ይቀር ነበር። ሁለቱን እኩል ማመስገን ይገባል።

እሳቱ ከእጅ ሲወጣ

አዲስ ኃይል አዲስ ጥፋት ይዞ ይመጣል። በዚያን ዘመን የነበረው ዋናው ሰመመን ኤተር ነው፤ ኤተር ደግሞ ከቤንዚን ባልተናነሰ ይቀጣጠላል። ብልጭታ በሚያወጣ ማሽን አጠገብ ኤተር ማስተንፈስ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። የእሳት አደጋዎች ደረሱ፤ ሰዎችም ሞቱ። ፍርሃቱ የቀለለው የማይቀጣጠለው ሃሎቴን በ1956 ወደ ሕክምና ከገባ በኋላ ነው። ዛሬም ቢሆን ቆዳው በአልኮል ተጠርጎ ሳይደርቅ ቁልፉ ከተጫነ፣ ወይም ፊት አካባቢ ኦክስጅን እየፈሰሰ ካውተሪ ከተነሣ፣ እሳት ይነሣል።

ሁለተኛው ጥፋት ከሳህኑ ይመጣል። ንጣፉ ግማሹ ከተላቀቀ ስፋቱ ይጠብባል፤ ጠባብ ከሆነ ደግሞ እሱም ጫፍ ይሆናል። ሕመምተኛው በሰመመን ተኝቶ ስለሆነ «ተቃጠልኩ» አይልም፤ ሐኪሙ ሆድ ውስጥ ሲደክም ጭኑ ይቃጠላል። በድሮዎቹ ማሽኖች ኮረንቲው መውጫ ሲያጣ የብረት አልጋ በነካ ክንድ ወይም የልብ መከታተያ ገመድ በተለጠፈበት ቦታ በኩል ይወጣ ነበር። ከመሬት የተነጠሉ ማሽኖች ይህን አስቀሩ፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ ደግሞ ንጣፉ በደንብ መለጠፉን ራሱ የሚከታተል፣ ሲላቀቅ ጮኾ የሚያቆም ሥርዓት መጣ። በትንንሽ ቀዳዳዎች የሚደረገው ኦፕራሲዮን (ላፓሮስኮፒ) ሲስፋፋም የመሣሪያው የፕላስቲክ ሽፋን በዓይን በማይታይ ስንጥቅ ኮረንቲ አሾልኮ አንጀት ያቃጠለባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ቃጠሎው ከቀናት በኋላ አንጀቱን በስቶ ነው የሚታወቀው። ጭሱም ንጹሕ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከኪንታሮት ሕክምና በሚወጣ ጭስ ውስጥ የቫይረስ ዘረመል ተገኝቷል፤ ጭሱን የሚስብ ቱቦ እንደ ቅንጦት የሚታይባቸው ክፍሎች ዛሬም ብዙ መሆናቸው ለሐኪሞቹም ለነርሶቹም ያሳዝነኛል።

አንጎል ቀዳጆች ሌላ መፍትሔ ፈለጉ። የሂውስተኑ ጄምስ ግሪንዉድ በ1940 ኮረንቲው በመቆንጠጫው ሁለት ጫፎች መካከል ብቻ እንዲያልፍ አደረገ፤ የኒውዮርኩ ሊዮናርድ ማሊስ በ1950ዎቹ ወደ ፍጹምነት አቀረበው። በአንዱ ጥርስ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል፤ የሚነካው በመካከል የተያዘችውን የደም ሥር ብቻ ነው። ባይፖላር ይባላል። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ኦፕራሲዮን ሲደረግም ሐኪሞች በተቻለ መጠን የሚመርጡት ይህንን ነው፤ ኮረንቲው በደረቱ አያልፍምና። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጡት የደም ሥር ማሸጊያዎች የዚሁ ልጆች ናቸው፤ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን የደም ሥር ጨምቀው ያለ ክር ይዘጉታል።

በቀዳዳ የገባ ሽቦ

ኤድዊን ቢር በ1910 የከፈተው መንገድ ብዙ ቅርንጫፍ አወጣ። ፕሮስቴቱ አብጦ ሽንት የከለከለው ሽማግሌ ሆዱ ሳይከፈት፣ በሽንት ቧንቧው በኩል በገባ የሽቦ ቀለበት ይታከማል። ማክሲሚሊያን ስተርን በ1926 ያሳየው መሣሪያ ነው፤ ጆሴፍ ማካርቲ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አሻሻለው። እዚህ ላይ ውኃ ችግር ሆነ። ጨዋማ ውኃ ኮረንቲውን ስለሚበትነው አልሆነም፤ ንጹሕ ውኃ ደግሞ ወደ ደም እየገባ ቀይ የደም ሴሎችን አፈነዳ። ሌላ ፈሳሽ ተፈለገ፤ ባይፖላሩ ሲመጣ ወደ ጨዋማው ተመለሱ።

በመስከረም 1969 ኒውዮርክ ውስጥ ሂሮሚ ሺንያ በትልቁ አንጀት ውስጥ ማያ ቱቦ (ኮሎኖስኮፕ) አስገብቶ ፖሊፕ የሚባለውን ትንሽ እብጠት በሽቦ ቀለበት አንቆ፣ በኮረንቲ ቆርጦ አወጣ። የዚያ ፖሊፕ ዓይነቱ ዓመታት ሲቆይ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ሆድ ሳይከፈት ካንሰርን ገና ሳይወለድ መከላከል ተቻለ።

ልብ ውስጥ የተደረገው ከሁሉ ይረቅቃል። አንዳንድ ሰዎች በልባቸው ክፍሎች መካከል ሲወለዱ የተረፈ ቀጭን የሥጋ ድልድይ አላቸው፤ የልብ ትርታው በእሱ እያቋረጠ ይጋልባል። ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) በብሽሽት የደም ሥር ገብቶ፣ ያንን ድልድይ ፈልጎ፣ በጫፉ በምትለቀቅ ከፍተኛ ድግግሞሽ ኮረንቲ ያቃጥለዋል። የኦክላሆማው ዋረን ጃክማንና ባልደረቦቹ በ1991 ባወጡት ጥናት ከ166 ሕሙማን በ164ቱ ላይ ተሳክቶላቸዋል። ዕድሜ ልክ መድኃኒት መዋጥ ወይም ደረት መክፈት የነበረበት ሕመም በአንድ ቀን ተዘጋ። በጉበት ዕጢ ውስጥ በቆዳ በኩል መርፌ ሰክቶ ከውስጥ ማብሰልም በ1990ዎቹ የተለመደ ሕክምና ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሙቀት እንኳ የማይፈልግ መንገድ ተገኘ። የፈረንሳዩ ሉዊስ ሚርና ባልደረቦቹ በ1991 ባሳተሙት ሥራ፣ እጅግ አጫጭር የኮረንቲ ምቶች የሴሉን ሽፋን ለጊዜው ሲበሱት የካንሰር መድኃኒቱ ብሊዮማይሲን ወደ ዕጢው ሴሎች በብዛት እንደሚገባ በሰው ላይ አሳዩ። በ2005 ከዳቫሎስና ከሩቢንስኪ ጋር ደግሞ ምቱ ሲጠነክር ቀዳዳው እንደማይዘጋና ሴሉ ያለ ቃጠሎ እንደሚሞት አስታወቁ። ከዋና የደም ሥር ጋር ለተጣበቀ ዕጢ ይህ ተስፋ ነው፤ ገና ቦታውን እየፈለገ ያለ ተስፋ ነው።

ወደ ማህፀን በር

ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ አገር ሴቶች የሚቀርበው ቅርንጫፍ አንድ ነው። የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ከሚያዙባቸው ካንሰሮች ሁለተኛው ነው። የሚያመጣው ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ሲሆን፣ ከቫይረሱ እስከ ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሕመም የለም፣ ደም የለም፤ ነገር ግን ለውጡ አለ፤ ከተፈለገ ይታያል፤ ከታየ ይወገዳል።

ድሮ የሚወገደው ሆስፒታል ተኝቶ፣ በሙሉ ሰመመን፣ በቢላዋ ነበር። ፓሪስ ውስጥ ረኔ ካርቲዬ በትንንሽ የሽቦ ቀለበቶች ናሙና መውሰድን አስለመደ፤ የእንግሊዝ ብሪስቶሉ ዋልተር ፕረንዲቪል ቀለበቱን አስፍቶ የታመመውን ክፍል በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚያወጣበትን ዘዴ በ1989 አሳተመ። «ሊፕ» ይባላል። ቦታው ብቻ ይደነዝዛል፤ ቀለበቱ ጥቂት ሴኮንዶች ያልፋል፤ የወጣው ሥጋ ሳይጠፋ ወደ ፓቶሎጂ ይሄዳል፤ ሴትዮዋ በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። በኢትዮጵያም በሆስፒታሎች ይሠራል።

ሊፕ ግን የሠለጠነ እጅ፣ ጥሩ ማሽንና የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል፤ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ መውረድ ይከብደዋል። እዚህ ላይ ታሪኩ ዞሮ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። የጀርመኑ ኩርት ዜም በ1960ዎቹ ጫፉ እስከ 100 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ ኮረንቲው ጫፉን ያሞቃል፣ በሴትዮዋ አካል ግን አያልፍም። ሚደልዶርፍ በ1854 ያደረገው፣ አል-ዘህራዊም በከሰል ያደረገው ነው፤ ልዩነቱ ሙቀቱ መለካቱና ጊዜው በሴኮንድ መቆጠሩ ነው። ዛሬ ያ መሣሪያ በእጅ የሚያዝ፣ በባትሪ የሚሠራ ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ለቅድመ ካንሰር ሕክምና መመሪያ አወጣለት፤ በኢትዮጵያም ቀድሞ በነበረው በቅዝቃዜ የማከም ዘዴ ላይ ተጨምሮ ወደ ጤና ጣቢያዎች ወርዷል። የሠለጠነች ነርስ ወይም አዋላጅ በሆምጣጤ መርምራ፣ ነጭ ምልክት ካየች፣ ለዚህ ሕክምና የሚሆን ሲሆን በዚያው ቀን ትሠራዋለች። የማይሆነውን ለሊፕ ወደ ሆስፒታል ትልካለች።

አገራችን በ2018 መጨረሻ የኤችፒቪን ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀመረች። ክትባቱ ያልደረሳቸው እናቶችና ታላላቅ እህቶች ግን ያላቸው ምርመራው ነው። ዕድሜሽ ከ30 እስከ 49 ከሆነ ሳያምሽ ሂጂና ተመርመሪ፤ ኤችአይቪ በደምሽ ካለ ደግሞ 30 ዓመት እስኪሞላሽ አትጠብቂ፣ የምትከታተይበትን ክሊኒክ ጠይቂ። ወንድ ከሆንክ ሚስትህን፣ እናትህን፣ እህትህን «ጤና ጣቢያ አብሬሽ ልሂድ» በላት። ምርመራው የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው።